የእግር እቁብ

ባለፈው ሐሙስ ምናለሽ ተራ መግቢያ ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አየኝ። 9ኛ ክፍል ሂሳብ ያስተማርኩት ልጅ ነው። ልጅ እላለሁ እንጂ አሁን የራሱ ሱቅ አለው፣ ሦስት ልጆች ወልዷል፣ ፀጉሩም ገባ ገባ ብሏል። "ቲቸር!" ብሎ ተጠመጠመብኝ። ከዚያ ትከሻዬን በሁለት እጁ ይዞ ራቅ አድርጎ አየኝና ፊቱ ተለዋወጠ። ምንም ሳይል ወደ ሱቁ ጓዳ አስገባኝ፣ ካርቶን ላይ አስቀመጠኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ቲቸር፣ ምን ሆነው ነው? ከኔ አይደብቁ" አለኝ።

"ደህና ነኝ፤ እንደውም ከድሮው ይልቅ አሁን ነው ደህና የሆንኩት" አልኩት። አላመነኝም። ስሰናበተው ጃኬቴ ኪስ ውስጥ የሆነ ነገር ሲያስገባ ተሰማኝ። ቤት ገብቼ ሳየው አንድ ሺህ ብር ነው። ለመታከሚያ መሆኑ ነው።

ብሩ ምን እንደሆነ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። ለማንኛውም የዚያን ቀን ማታ ይህን ለመጻፍ ወሰንኩ። እዚህ የምታነቡኝ አብዛኞቻችሁ ተማሪዎቼ ነበራችሁ፤ በቅርብ ጊዜ መንገድ ላይ ያገኛችሁኝም አይታችሁ ዝም ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ስለዚህ ከእኔው አፍ ስሙት፦ የስኳር ሕመምተኛ ነኝ። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ከ99 ኪሎ ወደ 85 ወርጃለሁ። ይህ የሆነው በሽታው ስላከሳኝ አይደለም፤ እኔ ነኝ ሆን ብዬ የከሳሁት። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ከባድ ሥራዎች አንዱ ነው፣ ሰፈሬ ግን ሊቀብረኝ እየተዘጋጀ ነው።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት 2015 ነው። ሌሊት አራቴ አምስቴ ለሽንት እነሳለሁ፤ ውሃ ብጠጣ ብጠጣ ጥሙ አይቆርጥልኝም፤ የሱቁን ሂሳብ ስጽፍ ቁጥሩ ይደበዝዝብኛል። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ባለቤቴ ጎትታ ወሰደችኝ፤ በባዶ ሆዴ ስለካ 247 ሆነ። 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው የሚባለው። ሌላም ምርመራ አለ፣ ኤ ዋን ሲ የሚሉት። እሱ የዛሬን ብቻ ሳይሆን ያለፉትን ሁለት ሦስት ወራት አማካይ ነው የሚናገረው፤ እንደ ሴሚስተር ውጤት በሉት፣ በዋዜማው አጥንተህ አታታልለውም። 6.5 ሲደርስ ስኳር ነው፤ የኔ 9.4 ነበር።

ያኔ ትዝ ይላችኋል፣ ስኳር ከገበያ የጠፋበት ጊዜ ነበር። ሕዝቡ ሸማቾች ማህበር በር ላይ ይሰለፋል። እኔ ለካ ደሜ ውስጥ አከማችቼ ተገኝቻለሁ። ሐኪሟ ባትሆን ኖሮ ደንብ አስከባሪ ነበር የሚመጣብኝ።

ሐኪሟ ሁለት ዓይነት ኪኒን ጻፈችልኝ፣ ሜትፎርሚን እና ግሊቤንክላሚድ። ከዚያ "ክብደትዎን ይቀንሱ" አለችኝ። ሁለት ቃል። መናገር አይከብድም መቼም።

እኔ የሂሳብ መምህር አይደለሁ? መጀመሪያ ያደረግኩት መቁጠር ነው። ሱቅ ስውል በቀን ስድስት ብርጭቆ ሻይ እጠጣለሁ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ነዋ። በብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ስኳር። 18 ማንኪያ። አንድ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም ያህል ነው፤ 72 ግራም መጣ። በዓመት አባዙት፦ 26 ኪሎ። ከሩብ ኩንታል በላይ ስኳር በሻይ ብቻ፤ ቡናውን፣ ጠዋት ጠዋት የምወዳትን ፓስቲ፣ ምሳ ላይ ሳልቆጥር የምጠቀልለውን እንጀራ ሳልጨምር። መርካቶ ውስጥ ሩብ ኩንታል ስኳር ተሸክሞ የሚያልፍ ሰው ብታዩ ዞር ትሉለታላችሁ። እኔ በየዓመቱ ተሸክሜ ሳልፍ ማንም ዞር አላለልኝም።

በቃ፣ ወኔ ያዘኝ። ወኔ ስል የእውነት ወኔ። ስኳር ተውኩ፣ እንጀራ ተውኩ፣ እራት ተውኩ። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ አንድ ሰዓት ተኩል እሄዳለሁ። በሦስት ወር ውስጥ 98 የነበርኩት ሰውዬ 91 ገባሁ። ደስታዬ አይጣል ነው። ሱሪዬ ሲሰፋ ቀበቶዬን በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁ።

ጥር ላይ አንድ ቀን እንደልማዴ ኪኒኔን ዋጥኩ፣ ቁርስ ዘለልኩ፣ ወጣሁ። አንዋር መስጊድ አጠገብ ስደርስ ላብ አጠመቀኝ። ጠዋት፣ ብርድ ነው፣ እኔ እንደ ዝናብ ላብ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ልቤ ትመታለች፣ የማውቀው መንገድ ጠፋብኝ። ሠላሳ ዓመት የተመላለስኩበት መንገድ! አንድ ጆንያ የተሸከመ ልጅ ሸክሙን መሬት ጥሎ ነው የደገፈኝ። ተምር የሚሸጡ አንዲት እናት ፊቴን አይተው "ስኳር አለበት እንዴ?" ብለው ጠየቁ፤ መልስ ሳይጠብቁ ተምር አፌ ውስጥ ከተቱ፣ ለስላሳ አስከፍተው አጠጡኝ። ጤና ጣቢያ ደርሼ ስለካ፣ ያን ሁሉ ከጠጣሁ በኋላ እንኳ 68 ነበር። ከ70 በታች ሲሆን ወረደ ይባላል።

ሐኪሟ አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። "ምግብ ሲቀንሱና እንቅስቃሴ ሲጨምሩ መድኃኒቱም አብሮ መታየት አለበት። ለምን ሳይነግሩኝ?" አለችኝ። ግሊቤንክላሚድ የሚባለው ቆሽትን ኢንሱሊን አምጪ እያለ የሚያስጨንቅ ኪኒን ነው፤ በላህ አልበላህ ሥራውን ይሠራል። ባዶ ሆድ ላይ ሲሆን ያለውንም ስኳር ጠራርጎ ይወስደዋል። ያን ቀን መጠኑን ቀነሰችልኝ፣ በኋላም አስቆመችኝ፤ ሜትፎርሚኑ ቀረ። ከዚያ ጀምሮ ኪሴ ውስጥ ከረሜላ አለ። የስኳር ሕመምተኛ ከረሜላ ይዞ ሲዞር አይታችሁ እንዳትስቁ።

ያን ጊዜ ያልገባኝ፣ አሁን የገባኝ ነገር አለ። እኔ የሃያ ዓመት ዕዳ በአንድ ወር ልከፍል ነበር የተነሳሁት። ወኔ እንዲህ ነው፤ ሒሳብ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ወኔዬ ተሰበረ፤ ፍርሃት ተተካ። አብሮኝ ያስተማረ ጓደኛዬ፣ በሽታችን አንድ፣ ዕድሜያችን አንድ፣ አዲስ ጫማ እግሩን ልጦት ኖሮ ሳይሰማው ሰነበተ። ስኳር የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ ቁስል አለ ብሎ የሚናገር ሕመም የለም። ሲያየው ጊዜው አልፏል። ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ልጠይቀው ሄጄ "አልተሰማኝም እኮ" ሲለኝ ድምፁ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። የዚያን ዕለት በእግሬ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት፤ ታክሲ መያዝ አፈርኩ።

ፍርሃት ትልቅ አለንጋ ነው ትላላችሁ። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ግን እውነቱን ልንገራችሁ? ፍርሃትም እንደ ወኔ ያልቃል። ለጥቂት ሳምንት ሌሊት እየተነሳሁ እግሬን አየሁ፣ ሄድኩ፣ ቆጠብኩ። ከዚያ ፋሲካ መጣ። ሚያዝያ 8 ቀን 2015። ሁለት ወር ጾመን ስናበቃ ዶሮው፣ ቅርጫው፣ የዘመድ ቤት ዙር። "አንድ ጉርሻ ያጣላል" የሚባልበት ሀገር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ "በሞቴ" ተብሎ ይመጣል። በዳግም ትንሣኤ "ከሰኞ እጀምራለሁ" አልኩ። የትኛው ሰኞ እንደሆነ አልተናገርኩም። ሰኔ ላይ ሚዛን ላይ ስወጣ 99 ነበርኩ፤ ከጀመርኩበት በአንድ ኪሎ ይበልጣል። 7 ኪሎ የወጣው ላብ ሁሉ ውሃ በላው።

ሌላም ነገር ነበር፣ ለማንም ያልተናገርኩት። በመጀመሪያው ዙር ስከሳ ሰው ያወራ ነበር። እኛ ሀገር "ወፈርክ" ማለት ምርቃት ነው፤ "ተመችቶሃል፣ እግዜር ይመስገን" ማለት ነው። "ከሳህ" ሲባል ግን ጥያቄው ሌላ ነው። "ልጆቹ አስቸገሩህ?" "ሥራ ቀዘቀዘ?" እና ጮክ ብሎ የማይጠየቀው ሦስተኛው፣ ያን ክፉ ዘመን ያየን ሰዎች የምናውቀው። ቡና የምታፈላልን ልጅ እንኳ አንድ ቀን "ጋሼ፣ ጸበል ቢሞክሩስ?" አለችኝ። እኔ ደግሞ ስኳር መሆኑን ደብቄያለሁ። ለምን ደበቅክ በሉኝ። አፍሬ ነዋ። መምህር ነኝ፣ የሰው ልጅ ስመክር የኖርኩ፣ በራሴ አፍ የመጣ ነገር። እና መልሼ ስወፍር ምን ሆነ መሰላችሁ? ሰው ሁሉ ተደሰተ! "እሰይ፣ ተመለስክ!" አሉኝ። በሽታዬ ሲብስ የሚያጨበጭብ፣ ሲሻለኝ የሚያለቅስ ሰፈር ውስጥ ብቻዬን ከራሴ ጋር ትግል ይዤ ነበር። በዚህ ሁኔታ ማን ይበረታል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፣ የእቁባችን ጸሐፊ ነኝ። አርባ አባላት፣ የሳምንት እቁብ፣ እሁድ ከሰዓት እንሰበሰባለን። መስከረም 2016 ላይ አንድ እሁድ ጉዳይ ተነሳ። አንዱ አባላችን ዕጣው በሦስተኛው ሳምንት ነበር የወጣለት። ብሩን ወሰደ፣ ሠራበት፤ ከዚያ መዋጮው እየከበደው መጣ። አንድ እሁድ ዘለለ፣ ሁለት ዘለለ። ዳኛችን፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ዋሱን ጠርተው ከተነጋገሩ በኋላ ወደኔ ዞረው "መምህር፣ ይጻፉት። እቁብ ውስጥ የሚያስፈራው ዕጣ ያልወጣለት ሰው አይደለም፤ ቀድሞ የወጣለት ነው" አሉ።

እስክሪብቶዬ ቆመ። ስለኔ ነበር የሚናገሩት። ሳያውቁ።

በሦስት ወር 7 ኪሎ፣ ዕጣዬ ቀድሞ ወጥቶልኝ፣ ብሩን ይዤ መዋጮ ያቆምኩት እኔ ነኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ ክብደት መቀነስን እንደ ፈተና ነበር የማየው፤ አጥንተህ፣ ተፈትነህ፣ አልፈህ፣ ደብተርህን የምትቀድበት። መምህር ነኝና ሁሉ ነገር ፈተና ይመስለኛል። ለካ ነገሩ እቁብ ነው። እቁብ ላይ ማንም "ዛሬ ለመክፈል ወኔው አለህ?" ብሎ አይጠይቅህም። ደስ ቢልህም ቢከፋህም፣ ገበያ ቢኖርም ባይኖርም፣ እሁድ ይመጣል፣ ትከፍላለህ። መርካቶ ውስጥ ስንት ሱቅ የተከፈተው፣ ስንት ልጅ የተማረው በዚህ ነው! በወኔ የቆመ ሱቅ አንድም አላውቅም።

ስብሰባው ሊያልቅ ሲል እጄን አወጣሁ። "እኔም የምናገረው አለኝ። ስኳር አለብኝ። ክብደት መቀነስ አለብኝ። ስከሳ ብታዩኝ እየዳንኩ ነው ማለት ነው" አልኩ። ለትንሽ ጊዜ ጸጥ አሉ። ከዚያ ምን ሆነ? አንዱ "እኔም አለብኝ" አለ። ሌላው "እናቴ በሱ ነው የሞተችው" አለ። ከአርባ ሰው አምስት ሰው ተነሳ። ለዓመታት በየሳምንቱ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንዳችን የሌላውን አናውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን በእቁብ ቋንቋ ልንገራችሁ።

መዋጮ። በቀን ሠላሳ ደቂቃ መሄድ። አንድ ሰዓት ተኩል ቀረ። በሳምንት አምስት ቀን ከሆነ 150 ደቂቃ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው ቢያንስ ይህን ያህል ነው የሚለው። ሻይ ያለ ስኳር። ምሳ ላይ አንድ እንጀራ ተቆጥሮ፣ ጎመኑና ምስሩ በዝቶ። ሐኪሟ እንጀራ ተው አላለችኝም፣ ቁጠር ነው ያለችኝ፤ ለሂሳብ መምህር ከዚህ የተሻለ መድኃኒት የለም። የእቁቡ ደብተር ጀርባ ላይ ሠንጠረዥ ሠርቼ የተከፈለበትን ቀን በጭረት እመዘግባለሁ። የምመዘግበው የሠራሁትን እንጂ የተሰማኝን አይደለም።

ዕጣ። ሚዛን በወር አንድ ቀን ብቻ። ድሮ በየቀኑ እወጣ ነበር፤ ትናንት ውሃ በመጠጣቴ ዛሬ አዝን ነበር። ሚዛን ዕጣ ነው፣ መቼ እንደሚወጣ አንተ አትወስንም። 2016 ውስጥ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት አንድ ግራም አልቀነስኩም። አራት ወር! ሰውነት ሞኝ አይደለም፤ ስትቀንስበት ረሃብ ይጨምርብሃል፣ የሚያቃጥለውን ይቆጥባል፣ የጠፋበትን ሊያስመልስ ይታገላል። በድሮው ሂሳቤ ቢሆን በሁለተኛው ወር ትቼው ነበር። አሁን ግን ደብተሩ ላይ መዋጮው ሙሉ ነው። መዋጮ ከከፈልክ ዕጣህ የትም አይሄድም። ሚያዝያ ላይ 2 ኪሎ ወጣ።

ዋስ። ይሄ ትልቁ ነው። በርበሬ ተራ የሚነግዱ አንድ ሐጂ አሉ፣ የእቁባችን አባል፣ ያን ዕለት "እኔም አለብኝ" ያሉት። አንዋር ሱብሂ ሰግደው ይወጣሉ፤ እኔ ራጉኤል ደጅ ተሳልሜ እወጣለሁ። መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ጎረቤት ናቸው፤ መሃል ላይ እንገናኛለን። ወደ አውቶቢስ ተራ ወጥተን፣ በሰባተኛ ዞረን እንመለሳለን። መኪኖች ዕቃ እያራገፉ፣ ተሸካሚዎች "መንገድ! መንገድ!" እያሉ፣ እኛ ሁለት ሽማግሌዎች መሃል ለመሃል። ብዙ አናወራም። ግን ሌሊት ዝናብ ሲጥል፣ ብርድ ልብሱ ሲጣፍጠኝ፣ ከአልጋዬ የሚያስነሳኝ ጤናዬ አይደለም፤ ሐጂ ቆመው እየጠበቁ መሆኑ ነው። ለራሴ የገባሁትን ቃል ሺህ ጊዜ አጥፌያለሁ። ሐጂን አቁሜ መቅረት ግን አልችልም። በረመዳን ሰዓቱን ከመግሪብ በኋላ እናደርገዋለን፤ እኔ ሁዳዴ ስጾም እሳቸው "መምህር፣ ባዶ ሆድ ነዎት እንዴ? ኪኒኑስ?" እያሉ ይቆጣጠሩኛል። ሁለታችንም ጾም ሲቀርብ ሐኪም ሳናማክር አንጀምርም፤ ያቺ የጥር ጠዋት በቂ ትምህርት ነበረች።

እዚህ ላይ ግን እቁብና ሰውነት የሚለያዩበት አንድ ቦታ አለ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ሸማ ተራ ሲቃጠል ያን ምሽት ቆመው ካዩት አንዱ ነበርኩ። ከአባላቶቻችን አንዱ የዕድሜ ልክ ሀብቱ እዚያ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት የሰው ቤት መዋል፣ መጽናናት፣ የቀረበውን መብላት፣ ሌሊት አለመተኛት ሆነ። ዘጠኝ ቀን አልሄድኩም። ሠንጠረዡ ላይ ዘጠኝ ባዶ ቤት። በአሥረኛው ቀን ሐጂ የተለመደው ቦታ ቆመዋል። እኔ አፍሬ "ሐጂ፣ ውዝፌን ልክፈል፣ ዛሬ ሁለት ዙር እንሂድ" አልኳቸው። ሳቁ። "መምህር፣ ለእግር ውዝፍ የለውም። የዛሬውን ብቻ ይክፈሉ" አሉኝ።

እቁብ ላይ ያልተከፈለ ይወዘፋል። ሰውነት ላይ ግን ያለፈው አለፈ፤ የዘጠኝ ቀን መንገድ በአንድ ቀን ቢሄዱት ጉልበት ይሰብራል እንጂ አይቆጠርም። የሃያ ዓመቱም እንደዚያው። ይህን ሳውቅ ትከሻዬ ላይ የነበረ አንድ ጆንያ ወረደ። በነገራችን ላይ በዚያ እሁድ እቁቡ በአንድ ድምፅ የሳምንቱን ዕጣ ሱቁ ለተቃጠለበት ሰው ሰጠ፤ የእኔም ተራ ሊሆን ይችል ነበር፣ ማንም አላጉረመረመም።

አሁን የት ነኝ? ባለፈው ወር 85 ኪሎ። በ25 ወር 14 ኪሎ፤ በወር ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ከፍ ይላል። በ30 ቀን ይህን ያህል አስቀንሳለሁ እያሉ ዱቄት የሚሸጡት ሰዎች ይስቁብኛል። ኤ ዋን ሲ 6.8። ግፊቴም ረግቷል። አልዳንኩም፤ ሜትፎርሚን እወስዳለሁ፣ ሁልጊዜ ማታ እግሬን በመስታወት አያለሁ። በብሪታንያ የተደረገ አንድ ትልቅ ጥናት አለ፣ በአውሮፓውያን 2017 የወጣ። ስኳር ከያዛቸው ስድስት ዓመት ያልሞላቸውንና ኢንሱሊን የማይወስዱ ሰዎችን በሐኪም ክትትል ክብደት አስቀነሱ፤ ከዓመት በኋላ ግማሽ ለመሆን ጥቂት የቀራቸው፣ 46 በመቶው፣ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ከሕመም ልክ በታች ሆነ። 15 ኪሎና ከዚያ በላይ ከቀነሱት ደግሞ 86 በመቶው። እኔ 14 ላይ ነኝ። ሐጂ ይህን ስነግራቸው "አንድ ኪሎ ነው የቀረዎት? እሷን ለኔ ይተዉልኝ" ብለው ቀለዱ። ግን የሁሉም ሰው ሰውነት አንድ አይደለም፤ ቆይቶ የታወቀ፣ ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው መንገዱ ሌላ ነው። ባይጠፋም እያንዳንዱ የቀነሰ ኪሎ ለልብም፣ ለኩላሊትም፣ ለዓይንም ዕረፍት ነው።

ለታመማችሁ ሦስት ነገር ብቻ። አንደኛ፣ ምግብ ወይም እንቅስቃሴ ከመቀየራችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ፣ በተለይ ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የምትወስዱ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ወዲያው ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መለካት፤ ካልተሻለ መድገም። ሁለተኛ፣ እግራችሁን እዩ፣ በባዶ እግር አትሂዱ። ሦስተኛ፣ ዋስ ፈልጉ። ዋሱ የግድ በሽተኛ መሆን የለበትም፤ ቆሞ የሚጠብቃችሁ ሰው ይሁን እንጂ።

ላልታመማችሁ ደግሞ አንድ ልመና። የከሳ ሰው ስታገኙ "ምን ሆነህ ነው?" አትበሉት። ምናልባት በሕይወቱ ትልቁን ሥራ እየሠራ ነው። "እንዴት ነህ?" በሉት፣ ከዚያ መልሱን ስሙ። ሌላው ይቅርባችሁ።

አዎ፣ ብሩ። አርብ ልመልስለት ሄድኩ። "አልቀበልም ቲቸር፣ ይታከሙበት" ብሎ ድርቅ አለ። ቁጭ ብዬ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኩት። ሲጀምር ይስቅ ነበር፣ እየቆየ ዝም አለ። ጨርሼ ልነሳ ስል አጠገቡ ያለውን የሁለት ሊትር የውሃ ፕላስቲክ አየና፣ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው፣ ገና ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው፣ "ቲቸር፣ የውሃ ጥሙ... እንዴት ዓይነት ነበር?" አለኝ።

ሱቁን ለወንድሙ ትቶ አብረን ሄድን። ምርመራውን የከፈልኩት እኔ ነኝ፣ በገዛ አንድ ሺህ ብሩ። መልሱን ቆጥሬ እጁ ላይ አስቀመጥኩ። ውጤቱ የራሱ ነው፣ ሲፈልግ እሱ ይነግራችኋል።

ዛሬ ሰኞ ጠዋት አንዋርና ራጉኤል መሃል ሦስት ሰዎች ነበርን። ነገም ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እዚያው ነን። ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ካለ ሐጂ አምስት ደቂቃ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ በላይ አይጠብቁም።

ሰላም ሁኑልኝ።